ከሕግ ምረቃ እስከ መጀመሪያው የልምድ ደብዳቤ፦ አዲስ አበባ ላይ ሥራ የማግኛ ዝርዝር መመሪያ

ቢሮዬ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ነው። በየሳምንቱ አዲስ የሕግ ምሩቆች ፖስታ ይዘው ይመጣሉ። ፖስታው ውስጥ ያለው አንድ ዓይነት ነው፦ ቴምፖ (ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃ)፣ ስቱደንት ኮፒ (የውጤት ዝርዝር)፣ ከጓደኛ የተቀዳ ሲቪ። አንዳንዶቹ ከተመረቁ ዓመት አልፏቸዋል። አንዳንዶቹ ደግሞ ዓመት ሙሉ ሠርተው አንድም የልምድ ወረቀት በእጃቸው የለም። ይሄኛው በእኔም ስለደረሰ በጣም ያንገበግበኛል።

የመጀመሪያውን ሥራ በደሞዙ ብቻ አትመዝኑት። ሁለት ዓመት ቆይታችሁ ስትወጡ የሚቆጠርላችሁ ልምድ ይሰጣችኋል ወይ ብላችሁ መዝኑት። የጥብቅና ፈቃድም፣ የተሻለ የባንክ ቦታም፣ ነገረ ፈጅነትም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ከታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው ሂዱባቸው። አንዱን ዘላችሁ ወደሚቀጥለው አትሂዱ።

## ደረጃ 1፦ ወረቀታችሁን በአንድ ሳምንት ጨርሱ

ማስታወቂያ ከማየታችሁ በፊት እነዚህ በአንድ ክላሰር ውስጥ ይሁኑ።

1. ቴምፖና ስቱደንት ኮፒ። ከእያንዳንዱ ቢያንስ 20 ጥርት ያለ ፎቶ ኮፒ አስነሱ። በስልክ ፎቶ ሳይሆን በስካነር አስነስታችሁ በፒዲኤፍ ኢሜላችሁ ላይ አስቀምጡ።
2. የመውጫ ፈተና ውጤት ማስረጃ። የሕግ ተማሪ ሌሎች የትምህርት ክፍሎች ከመጀመራቸው ዓመታት በፊት ጀምሮ ኤግዚት ሲፈተን ስለኖረ ቀጣሪዎች ይህን ወረቀት ያውቁታል፤ ይጠይቁታልም።
3. የታደሰ የነዋሪነት መታወቂያና የፋይዳ ቁጥር።
4. የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ማለትም ቲን። ሥራ ስታገኙ አውጡ ከተባላችሁ ቀን ይበላል።
5. የኮስት ሼሪንግ፣ ማለትም የትምህርት ወጪ መጋራት ውላችሁ ኮፒ። ዋናውን ዲግሪ ለማውጣት ክፍያው ይጠየቃል፤ ቀጣሪውም ከደሞዝ እየቆረጠ ያስገባል።

አሁን ስማችሁን አመሳክሩ። መታወቂያችሁ ላይ፣ ዲግሪው ላይ፣ ፋይዳው ላይ ያለው አጻጻፍ አንድ ነው? በእንግሊዝኛ ፊደል የአያት ስም ላይ የአንዲት ፊደል ልዩነት ሰው ሲያስመልስ አይቻለሁ። ልዩነት ካለ ዛሬውኑ የዩኒቨርሲቲውን ሬጅስትራር በጽሑፍ ጠይቁ። ጎንደር ወይም ጅማ ተምራችሁ አዲስ አበባ የምትኖሩ ከሆነ፣ እዚያ የቀረ ጓደኛ ወይም ዘመድ እንዲጨርስላችሁ ውክልና ያስፈልግ እንደሆነ አስቀድማችሁ በስልክ ጠይቁ። ሥራ አግኝታችሁ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት በአስቸኳይ ይላክ ሲባል መሯሯጥ ከባድ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ኦሪጅናል ሰነድ ለማንም አትተዉ። ኦሪጅናል ለማመሳከር ይቀርባል፤ ተመሳክሮ ወዲያው ይመለሳል። «እዚህ ይቆይና ነገ ትወስዳላችሁ» ከተባላችሁ በትሕትና እምቢ በሉ።

## ደረጃ 2፦ የትኛውን በር እንደምታንኳኩ ወስኑ

«ያገኘሁትን እሠራለሁ» ማለት የትህትና ይመስላል። ቀጣሪ ግን የሚሰማው «ስለ እናንተ ሥራ አላሰብኩም» የሚል ነው። ሁለት በር ምረጡና ኃይላችሁን እዚያ ላይ አድርጉ።

የጥብቅና ቢሮ። ልደታ፣ ሜክሲኮ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም። ክፍያው ለጀማሪ ዝቅተኛ ነው። ትምህርቱ ግን የትም አይገኝም። ክስ ትጽፋላችሁ፣ መዝገብ ትከታተላላችሁ፣ ደንበኛ ሲያለቅስ ትሰማላችሁ። የጥብቅና አገልግሎት ፈቃድ አሰጣጥና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች በማኅበር ተደራጅተው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ስለፈቀደ፣ አሁን ከአንድ ሰው ቢሮ ሌላ በርካታ ባለሙያ የያዙ ድርጅቶችም አሉ። አደጋው የወረቀት ነው። ወደ እሱ ደረጃ 8 ላይ እመጣለሁ።

ባንክና ኢንሹራንስ። ከሰንጋ ተራ እስከ ብሔራዊ ቴአትር ባለው አካባቢ የባንኮቹን ዋና መሥሪያ ቤቶች በእግራችሁ ትዞሩታላችሁ። ሥራው የብድርና የመያዣ ውል ማዘጋጀት፣ ውክልና መመርመር፣ ያልተከፈለ ብድር መያዣ ሲሸጥ ሂደቱን መምራት፣ ፍርድ ቤት መቅረብ ነው። ደሞዙ የተሻለ፣ ወረቀቱም ንጹሕ ነው። ፉክክሩ ደግሞ ከባድ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ባንክ ገብቶ መሥራትና የባንክ የሕግ ክፍል ውስጥ መሥራት ይለያያሉ። በገንዘብ ከፋይነት ወይም በደንበኞች አገልግሎት ብትቀጠሩ ያ የሕግ ልምድ ሆኖ አይቆጠርም። ገብታችሁ ከሆነ የውስጥ ማስታወቂያ ሲወጣ ወደ ሕግ ክፍል ለመዛወር ገና ከመጀመሪያው ወር ተዘጋጁ።

ዐቃቤ ሕግ። ፍትሕ ሚኒስቴርና የአዲስ አበባ ከተማ ፍትሕ ቢሮ ናቸው። ቅጥሩ ሲወጣ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ይመዘገባል፤ ከፈተና እስከ ምደባ ወራት ይወስዳል። ተመዝገቡ፤ ግን እሱን እየጠበቃችሁ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ።

ፍርድ ቤት። ዳኝነት ለጀማሪ አይሆንም። ፍርድ ቤቶች ግን ከዳኛው በታች የሕግ ምሩቅ የሚይዙ ቦታዎች አሏቸው። የፌዴራሉንም የከተማውንም ፍርድ ቤቶች ማስታወቂያ ሰሌዳ ተመልከቱ።

ሌሎች። የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ፣ የክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤቶች፣ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች። ብዙ ምሩቅ እነዚህን ይረሳቸዋል።

## ደረጃ 3፦ ሦስት ጽሑፎች አዘጋጁ

ሲቪ። ሁለት ገጽ ይበቃል። የሕፃንነት ትምህርት ቤት፣ የትዳር ሁኔታ፣ «መዋኘት እወዳለሁ» አያስፈልግም። የልምምድ ጊዜያችሁን አስፉት። «በፍርድ ቤት ተለማምጃለሁ» ከማለት «በፍትሐ ብሔር ችሎት ለ2 ወር መዝገብ አንብቤ አጭር ማጠቃለያ አዘጋጅቻለሁ» ይሻላል። ያልሠራችሁትን አትጻፉ፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ከዚያ ይመጣል።

ማመልከቻ። ለእያንዳንዱ ቦታ አዲስ ጻፉ። ቅርጹ ይህን ይመስላል፦

> ቀን …
> ለ … የሕግ ቢሮ
> አዲስ አበባ
>
> ጉዳዩ፦ በጀማሪ የሕግ ባለሙያነት ለመሥራት ማመልከትን ይመለከታል
>
> በ2017 ዓ.ም. በሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቄ የመውጫ ፈተናውን አልፌያለሁ። ቢሮው በሥራ ክርክር ጉዳዮች ላይ እንደሚሠራ ስለተረዳሁ፣ ከአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ጋር በተያያዘ የጻፍኩትን የ2 ገጽ የሕግ አስተያየት አያይዤ አቅርቤያለሁ። ለጽሑፍም ሆነ ለቃል ፈተና በተፈለግሁ ጊዜ እቀርባለሁ።
>
> ከሠላምታ ጋር
> ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ

የጽሑፍ ናሙና። ከመቶ አመልካች ይህን የሚያያይዝ እምብዛም አይገጥመኝም። ሁለት ገጽ የሕግ አስተያየት ጻፉ። አንድ ተጨባጭ ጥያቄ ያዙ፤ ለምሳሌ «ሠራተኛው ከሥራ ከተባረረ 5 ወር ሆኖታል፤ ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ መክሰስ ይችላል?» አዋጁ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄን በ3 ወር፣ የክፍያ ጥያቄን በ6 ወር ይርጋ ስለሚያግድ መልሱ ሁለት ቦታ ይከፈላል። እንዲህ ያለ ጉዳይ ማሰብ መቻላችሁን በደንብ ያሳያል። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን 80 ገጽ ግን አታያይዙ። ማንም አያነበውም።

## ደረጃ 4፦ ማስታወቂያን እንደ ሕግ አንቀጽ አንብቡ

ሪፖርተር በአማርኛ ረቡዕና እሑድ ይወጣል። አዲስ ዘመን ላይ የመንግሥት ቅጥር ይበዛል። መግዛት ከከበዳችሁ አራት ኪሎ ጋዜጣ እያከራዩ የሚያስነብቡ ልጆች አሉ። የቴሌግራም የሥራ ቻናሎችና ኢትዮጆብስ በየቀኑ ጠዋት አንድ ጊዜ ይታያሉ። ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ማፍጠጥ ግን ሥራ ፍለጋ አይባልም።

ማስታወቂያ ስታገኙ ይህን በቅደም ተከተል አጣሩ፦

1. የልምድ ዓመት። «0 ዓመት» ወይም «ልምድ የማይጠይቅ» ካለ ቀጥሉ። «2 ዓመት» ካለ ጊዜያችሁን አታባክኑ። በመዝጋቢው ጠረጴዛ ላይ ይመልሷችኋል።
2. «ቀጥተኛ አግባብ ያለው» እና «ከምረቃ በኋላ» የሚሉ ቃላት። ተማሪ ሳላችሁ የሠራችሁት በዚህ ምክንያት ይወድቃል።
3. የቀን አቆጣጠር። «ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ በተከታታይ 7 የሥራ ቀናት» ከተባለ፣ ጋዜጣው የወጣበትን ቀን እንደ አንድ ቁጠሩ። ቅዳሜ የሥራ ቀን መሆን አለመሆኑን በስልክ ጠይቁ። የመጨረሻውን ቀን አትጠብቁ። ያን ቀን ሰልፉ ይረዝማል፣ ኔትወርክም ይጠፋል።
4. የምዝገባ መንገድ። «በአካል» ከተባለ «ኦሪጅናልና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ» ይዛችሁ ሂዱ። በኢሜል ከሆነ የፋይሉን ስም በስማችሁና በቦታው መጠሪያ ሰይሙት።

ማስጠንቀቂያ፦ ለመመዝገቢያ፣ ለፎርም ወይም «ስምህን ከላይ ለማድረግ» ብር ላኩ የሚል ማንም ሰው ሌባ ነው። ደላላ ሥራ አያስቀጥርም። ብራችሁንም ሰነዳችሁንም ይዞ ይጠፋል። የቴሌግራም ማስታወቂያ ላይ የድርጅቱ ስም ከሌለ እለፉት። ስሙ ካለ ወደ ድርጅቱ ቢሮ ደውላችሁ አረጋግጡ።

## ደረጃ 5፦ ቢሮ ለቢሮ ሂዱ

የጥብቅና ቢሮዎች አብዛኞቹ ማስታወቂያ አያወጡም። የሚቀጥሩት ፊት ለፊት ያዩትን ወይም ሰው የነገራቸውን ነው። ስለዚህ እግራችሁ መንቀሳቀስ አለበት።

1. ዝርዝር ሥሩ። 30 ቢሮ። ልደታ ፍርድ ቤት ዙሪያ ያሉትን ታፔላዎች እያነበባችሁ ጻፉ። በባቡር ልደታ ወርዳችሁ ግማሽ ቀን ይበቃችኋል። ፒያሳና ካዛንቺስ በመልሶ ማልማቱ ብዙ ሕንፃ ስለፈረሰ፣ የድሮ አድራሻ ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ።
2. ስለ ቢሮው አንድ ነገር ዕወቁ። የሥራ ክርክር? የውርስ? የንግድ? ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ ያሉ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ብዙ ያውቃሉ። በትሕትና ጠይቋቸው።
3. ሰዓት ምረጡ። ጠዋት ጠበቃ ችሎት ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ሂዱ። ሰኞን ዝለሉ።
4. አጭር ተናገሩ። ይህን በልምምድ በቃላችሁ ያዙት፦ «ጤና ይስጥልኝ። እገሌ እባላለሁ፤ ዘንድሮ በሕግ ተመርቄያለሁ። የእርስዎ ቢሮ በውርስ ጉዳዮች ላይ እንደሚሠራ ሰምቼ ነው የመጣሁት። ሁለት ገጽ ጽፌአለሁ፤ ጊዜ ሲኖርዎት ቢያዩልኝ። ሰው የሚያስፈልግዎት ከሆነ ለሙከራ የሚሰጡኝን መዝገብ አንብቤ ማጠቃለያ ማቅረብ እችላለሁ።» ከዚያ ዝም በሉ።
5. ወረቀቱን ተዉና ውጡ። ከ10 ደቂቃ በላይ አትቆዩ።
6. በ7ኛው ቀን ደውሉ። አንድ ጊዜ። ካላነሱ አጭር መልእክት። ከዚያ በኋላ ተዉት።

በደብተር መዝግቡ፦ የቢሮው ስም፣ የሄዳችሁበት ቀን፣ ያገኛችሁት ሰው፣ የተባላችሁት። ከ15 ቢሮ በኋላ የት እንደሄዳችሁ ማስታወስ አትችሉም።

ጸሐፊዋ ካላስገባቻችሁስ? አትከራከሯት። ስሟን ጠይቁ፣ አመስግኑ፣ ጠበቃው መቼ እንደሚገኝ ጠይቁ። በሁለተኛው ቀን በስሟ ስትጠሯት ነገሩ ይለወጣል። ቢሮ ውስጥ ማን መግባት እንደሚችል ብዙ ጊዜ የምትወስነው እሷ ናት።

በነሐሴና በመስከረም ከሆነስ? የፌዴራል ፍርድ ቤቶች መደበኛ ችሎት የሚያርፍበት ወቅት ነው፤ ተረኛ ችሎት ብቻ ይሠራል። ጠበቆች ቢሮ የሚገኙትም ያኔ ነው። ከምረቃ በኋላ ያለው ክረምት ለዚህ ደረጃ ከሁሉ ይመቻል። ጥቅምት ከገባ በኋላ ቀና ብሎ የሚያናግራችሁ ማግኘት ይከብዳል።

## ደረጃ 6፦ ለጽሑፍ ፈተና ተዘጋጁ

ባንክና መንግሥት ቤት የሚጥለው እዚህ ነው። ጥሩ ውጤት ያለው ተማሪ ሲወድቅ ያየሁት በአንድ ምክንያት ነው፦ ዩኒቨርሲቲ የተማረውን ንድፈ ሐሳብ ይጽፋል፤ ፈታኙ ግን የሚፈልገው ለጉዳዩ መፍትሔ ነው።

የንባብ ዝርዝር። ለባንክ፦ የውል ሕግ፣ ስለ ዋስትናና ስለ መያዣ፣ የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ በባንክ በመያዣ የተያዘ ንብረትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 97/1990፣ አዋጅ 1156/2011፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት። ለዐቃቤ ሕግ፦ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ፣ የወንጀል ሥነ ሥርዓት፣ ሕገ መንግሥቱ። ስለ ነጋዴዎች፣ ስለ ንግድ ማኅበራትና ስለ ኪሳራ ከድሮው የንግድ ሕግ መጽሐፍ እንዳታነቡ። የ1952ቱ ሕግ እነዚህ ክፍሎች ተሽረዋል፤ አሁንም ከእነሱ የሚመልስ አመልካች ይገጥመኛል።

የት ታነባላችሁ? አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ጸጥታ አለ። ወመዘክርም አለ። የነጋሪት ጋዜጣ ኅትመት የምትፈልጉ ከሆነ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ይሸጣል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎችን በቅጽ በቅጽ አንብቡ። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ የሰበር የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል። በቀን ሁለት ውሳኔ ብቻ። ለእያንዳንዱ ሦስት መስመር ጻፉ፦ ጭብጡ ምን ነበር፣ የሥር ፍርድ ቤት ምን አለ፣ ሰበር ምን አለ።

አንድ ጥያቄ እንመልስ። «አልማዝ ለጎረቤቷ 40,000 ብር ያለ ጽሑፍ አበደረች። ሦስት ሰው ሲሰጥ አይቷል። ጎረቤቷ ካደች። ምን ትመክሯታላችሁ?»

1. ጭብጡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ ብድሩ በምስክር ሊረጋገጥ ይችላል ወይ?
2. ሕጉን ጥቀሱ፦ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472። ብድሩ ከ500 ብር በላይ ከሆነ በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ ሊረጋገጥ አይችልም።
3. ከጉዳዩ ጋር አገናኙ፦ 40,000 ከ500 ይበልጣል። ስለዚህ ሦስቱ ምስክሮች አይጠቅሟትም።
4. መውጫ ፈልጉ። ብዙ ተፈታኝ እዚህ ሳይደርስ ያቆማል። በስልክ የተላላኩት መልእክት አለ? ጎረቤቷ የፈረመችበት ሌላ ወረቀት አለ? ከሌለ ጎረቤቷ በፍርድ ቤት ፊት እንድታምን ወይም እንድትምል መጠየቅ ይቀራል።
5. አደጋውን ተናገሩ፦ ማስረጃ ሳይገኝ ክስ ከተመሠረተ የዳኝነት ክፍያና ወጪ ሊደርስባት ይችላል።

ቁጥር 4 እና 5 ናቸው ጀማሪን ከጀማሪ የሚለዩት። ደንበኛ ወደ ቢሮ የሚመጣው መውጫ ፍለጋ ነውና።

ክስ መጻፍም ይጠየቃል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 222 ክስ ምን መያዝ እንዳለበት ይዘረዝራል፤ ቁጥር 223 አባሪውን። በእጃችሁ አሥር ክስ ጻፉ። ከዚያ ለእያንዳንዱ የተከሳሽ መልስ ጻፉ፤ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ካለ ከፍሬ ነገሩ አስቀድሙ። የይግባኝ ጊዜን አትርሱ፤ በመደበኛ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ 60 ቀን ነው።

ችሎት ተቀመጡ። ችሎት በመርሕ ለሕዝብ ክፍት ነው። መታወቂያ ይዛችሁ ልደታ ግቡ፣ ስልካችሁን አጥፉ፣ ከኋላ ተቀመጡ። በሳምንት ሁለት ጠዋት ለአንድ ወር። ዳኛው ለምን እንደተቆጣ፣ ጠበቃው ለምን ቀጠሮ እንደጠየቀ ጻፉ። ይህን ያደረገ ምሩቅ ቃለ መጠይቅ ላይ አነጋገሩ ይለያል፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያስታውቃል።

## ደረጃ 7፦ ቃለ መጠይቅ

ሰዓት አስቀድሙ፤ 30 ደቂቃ። ሱፍ ካልገዛሁ አትበሉ፤ ንጹሕና የተተኮሰ ልብስ ይበቃል። ሦስት ጥያቄ የትም አይቀርም፦ ለምን እዚህ? አንድ የሠራችሁትን ጉዳይ አስረዱ። የማታውቁት ጥያቄ ቢመጣባችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ለሦስተኛው መልሱ «አላውቀውም፤ ግን በዚህ ሕግ ውስጥ እፈልገዋለሁ» ነው። አንቀጽ ቁጥር በግምት አትጥሩ። ባለሙያ ፊት የተሳሳተ ቁጥር በእርግጠኝነት መናገር ከአላውቅም የባሰ ነው።

ስለ ደሞዝ ሲጠይቋችሁ «እናንተ እንዳላችሁ» አትበሉ። የትራንስፖርትና የቤት ኪራያችሁን አስልታችሁ ዝቅተኛውን ቁጥር በልባችሁ ያዙ፤ ከዚያ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ተናገሩ።

## ሦስት ወር አልፎ ጥሪ ካልመጣ

መጀመሪያ ደብተራችሁን ክፈቱና ችግሩ የት እንደሆነ ለዩ።

* አመልክታችሁ ለፈተና ካልተጠራችሁ፣ ችግሩ ከማመልከቻው ወይም ከመስፈርቱ ነው። ደረጃ 3 እና 4ን እንደገና ሂዱ።
* ተፈትናችሁ ከወደቃችሁ፣ ደረጃ 6 ላይ ሁለት ወር ጨምሩ።
* ቃለ መጠይቅ ደርሳችሁ ከቀራችሁ፣ ተቃርባችኋል። ለፈታኙ ደውላችሁ «ምን ላሻሽል?» በሉ። አንዳንዱ በቅንነት ይነግራችኋል።

በዚህ መሐል ባዶ አትቀመጡ። የዩኒቨርሲቲ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትና የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ አገልግሎት ይሰጣሉ፤ ሄዳችሁ በበጎ ፈቃድ መሥራት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ቤት ኪራይ ካስጨነቃችሁ ሌላ ሥራ ሥሩ፤ ነውር የለውም። ጠዋቱን ለሕጉ አስቀሩ ብቻ።

ማስጠንቀቂያ፦ የጎረቤትን ክስ በክፍያ መጻፍና ፍርድ ቤት ለመቆም መሞከር ይፈትናል። ያለፈቃድ ጥብቅና በሕግ ያስጠይቃል፤ ነገ ፈቃድ ስትጠይቁም እንቅፋት ይሆናል። አትንኩት።

## ደረጃ 8፦ የመጀመሪያው ሳምንት፣ ስለ ወረቀቱ

የእኔን ልንገራችሁ። ከተመረቅኩ በኋላ አንድ ቢሮ ገባሁ። ደሞዜን በፖስታ በእጄ እቀበል ነበር። ውል የለም፣ ግብር አይቆረጥም፣ ጡረታ የለም። እንደ ቤተሰብ ነበርንና መጠየቅ አፈርኩ። ከ14 ወር በኋላ አንድ ባንክ ማስታወቂያ አወጣ። ደብዳቤ ጠየቅሁ፤ ቢሮው ጻፈልኝ። መዝጋቢው አነበበውና «ግብር የተከፈለበት ማስረጃስ?» አለኝ። አልነበረኝም። 14 ወሩ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቀረ። ከዜሮ ጀመርኩ።

ስለዚህ ይህን አድርጉ።

1. በመጀመሪያው ቀን ውል ጠይቁ። የሥራ ውል በጽሑፍ ካልሆነ፣ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 7 አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ስለ ሥራው የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። የምትጠይቁበት አነጋገር ይህ ነው፦ «ለፈቃድ ማመልከቻ ስለሚያስፈልገኝ የቅጥር ደብዳቤ ቢሰጡኝ።» ይህን ሰምቶ የሚቆጣ ጠበቃ የለም። እሱም በዚያው አልፏል።
2. የሥራ መደቡን መጠሪያ አንብቡ። «ጀማሪ የሕግ ባለሙያ» ወይም «ረዳት ጠበቃ» ይበል። «የቢሮ ረዳት» ከተባለ አስተካክሉ። «ኢንተርን» ከተባለ ብዙ ቦታ በሥራ ልምድነት አይያዝላችሁም።
3. ቲናችሁን ስጡ። ግብር በስማችሁ መከፈሉን በየሦስት ወሩ በትሕትና ጠይቁ።
4. የጡረታ መዋጮ። ከእናንተ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ። መዝገቡ ላይ መኖራችሁ የልምድ ማስረጃ ሲጠየቅ ሁለተኛ ምስክር ይሆናችኋል።
5. የሙከራ ጊዜ። በአዋጁ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። «የሙከራ ጊዜሽ አላለቀም» እየተባለ ስድስት ወር ከተገፋ ሕጉን አሳዩ።
6. የሥራ ማስታወሻ ያዙ። የደንበኛን ምስጢር ሳትጽፉ፣ ምን ዓይነት ጉዳይ፣ በየትኛው ችሎት፣ ምን እንዳዘጋጃችሁ በቀን አንድ መስመር።

ስትለቁ የልምድ ደብዳቤው እነዚህን መያዙን በጠረጴዛው ላይ ሳላችሁ አረጋግጡ፦ ሙሉ ስም በዲግሪው አጻጻፍ፣ የጀመራችሁበትና የለቀቃችሁበት ቀን፣ የሥራ መደብ፣ የደሞዝ መጠን፣ ግብር ስለመከፈሉ፣ ቁጥርና ቀን፣ ማኅተምና ፊርማ። ቀን የሌለው ደብዳቤ ዋጋ የለውም። «ከ2016 እስከ 2018» ብቻ የሚል ደብዳቤም ይመለሳል፤ ወርና ቀን ይጠየቃል።

ደብዳቤ ከከለከሏችሁስ? የአዋጁ አንቀጽ 12 አሠሪው ሠራተኛው ሲጠይቅ ወይም ውሉ ሲቋረጥ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደሞዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። በስልክ አትለምኑ። በጽሑፍ ጠይቁ፤ በሁለት ኮፒ። አንዱን ለጸሐፊዋ ስጡ፣ ሌላው ላይ «ደርሶኛል» ተብሎ ቀንና ፊርማ ይጻፍበት። አልቀበልም ካሉ በሪኮማንዴ ፖስታ ላኩና ደረሰኙን ያዙ። 15 ቀን ጠብቁ። ካልመጣ፣ ደብዳቤውን፣ የባንክ ደሞዝ ዝውውራችሁን፣ ፈርማችሁ ያስገባችኋቸውን ሰነዶች ኮፒና ያን የሥራ ማስታወሻ ይዛችሁ ለሥራ ክርክር ችሎት ክስ አቅርቡ። ክሱን ራሳችሁ ጻፉት። ቁጥር 222ን ከፊታችሁ ዘርግታችሁ።